የኋላው ፍሬን

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ጠዋት ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት ወንድም ጋሼን ዓይን ሐኪም ዘንድ አደረስኩት፣ በራሱ መኪና። አሮጌ የእሽቅድምድም መኪና ነው፤ ሞተሩ ሲነሳ ጎረቤት መስኮት ይዘጋል። አምና ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ምክሩ ግን አሁንም እሱ ጋ...

ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ሴት ዘንቢል ይዛ መንገድ ገባች። ፍሬን ረገጥኩ። የፊት ጎማዎቹ ተንሸራተቱ፣ መሪው እንቢ አለኝ። አንድ ክንድ ሲቀር ቆምኩ። ሴትዮዋ ዘንቢሏን አቅፋ አየችኝ።

«ችግሩ የእግርሽ አረጋገጥ ነው» አለ ወንድም ጋሼ።

እግሬ ነው እንዴ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

እራት ላይ ስለ ፍሬኑ ወንድም ጋሼን ጠየቅኩት። የፊቱን ፍሬን ከሦስት ዓመት በፊት በገዛ እጁ ነው የቀየረው። ዲስኩ ትልቅ፣ ሁሉ ነገሩ ትልቅ። «ከዚህ የተሻለ ፍሬን ከየት ታመጪያለሽ?» አለኝ።

የተሻለ ከሆነ ለምን አይቆምም?

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ለወንድም ጋሼ ሳልነግረው መኪናውን ጋራዥ ወሰድኩት። መካኒኩን «ዝምታ» ነው የሚሉት። መኪናውን አነሳ፣ ጎማ ፈታ፣ ግማሽ ሰዓት መረመረ። ከዚያ፣

«የኋላው የፍሬን ሸራ አዲስ ነው። መቼ ተቀየረ?»

«ከፊቱ ጋር። ሦስት ዓመት።»

«እንግዲያው ሠርቶ አያውቅም።»

ወደ ኋላው ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚመጥን ትንሽ ቫልቭ አለ። ጥርቅም ብሎ ተዘግቷል። መኪናውን የሚያቆመው የፊቱ ብቻ ነው፤ ጉልበቱ ስለበዛ ጎማውን ቶሎ ይቆልፈዋል፣ ጎማው ይንሸራተታል።

«ማን ዘጋው?»

«የገጠመው ሰው ነዋ። ሊከፍት ብሎ ይመስለኛል። በየት በኩል እንደሚከፈት እዚሁ ተጽፏል።»

አየሁት። ደቃቅ ነው፣ ግን ይነበባል።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ይነበባል... ለእኔ። ወንድም ጋሼ «ዓይኔ የደከመው አምና ነው» አላለንም?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ለወንድም ጋሼ ነገርኩት። ስለ ጽሑፉ ብቻ ዝም አልኩ። ለምን እንደዘለልኩት አላውቅም። «እኔ ምንም አልዘጋሁም። ውሰጅኝና ያሳየኝ» አለ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ዝምታ አልተከራከረም። እጁን ይዞ ቫልቩ ላይ አስቀመጠለት። ወንድም ጋሼ በጣቱ ዳሰሰው፣ ወዲህ ወዲያ አዞረው።

«ወደ ቀኝ የሚከፈት መስሎኝ ነበር።»

«ተጽፏል እኮ» አልኩ። አመለጠኝ።

«አላየሁትማ።»

«ያኔም?»

«ያኔም።»

ያን ዓመት ልጆቼን ትምህርት ቤት የሚያመላልሰው እሱ ነበር። በዚህ መኪና። ቀስ ብሎ መንዳት ሲጀምር «አደብ ገዛ» ብለን ሳቅን።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ልናደድ ወይስ ላልቅስ? ወጥ አሳረርኩ።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ባዶ ሜዳ ላይ ፍሬኑን አስተካከልን። ዝምታ ቫልቩን ትንሽ ይከፍታል፣ እኔ ነድቼ እረግጣለሁ። አንዴ አብዝቶ ከፈተው፣ የመኪናው ቂጥ ዞረ፤ ነፍሴ ልትወጣ። «የኋላው ከፊቱ መቅደም የለበትም» አለና ቀነሰው። ቀጥሎ ስረግጥ መኪናው ቀጥ ብሎ ቆመ። ለመቆም የፈጀበትን ርቀት በእርምጃ ለካሁት፤ ከመጀመሪያው በአራት እርምጃ አነሰ።

እግሬ አልነበረም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... አይደል?

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ሐኪሙ እንደ ሁሌው «ሕመሙ መቼ ጀመረዎት?» አለው። «አራት ዓመት ሆነው» አለ ወንድም ጋሼ። ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። እኔ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ።

ስንመለስ አንድም ምክር አልሰጠኝም። ንዴቴ አልወጣልኝም። መስቀለኛው መንገድ ጋ ስንደርስ፣

«መብራቱ ምን ሆነ?» አለኝ። ጠይቆኝ አያውቅም።

«ቀይ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አልኩትና ቆምኩ።