ለዋሴ ለለጢፋ፣ ከአሰብ ባሕር ዳር

ይድረስ እናትም እህትም ሆና ላሳደገችኝ ለእህቴ ለለጢፋ፤ ጅማ፣ መንደራ ቆጪ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል እህት ዓለም? ወገብሽ እንዴት ነው? ስፌት መኪናው ላይ ተጎንብሶ መዋሉን ቀነስ አደረግሽ ወይስ ዛሬም ዓይንሽ እስኪፈዝ ድረስ ነው? ባለቤትሽ አብዱልሰመድ ደህና ነው? ልጃችሁ ፈድሊያ አደገች? አክስታችን ሐጂራ የጅሬንን አቀበት ዛሬም ዱላ ሳትይዝ ትወጣዋለች? የጎረቤታችን የባህሪያ ላም ወለደች? ዝናቡስ ጀመረ? የቡናው አበባ ዘንድሮ እንዴት ነው? ጥያቄ አበዛሁብሽ መሰለኝ። እዚህ ስለ ዝናብና ስለ ላም የምጠይቀው ሰው ስለሌለ ሁሉም አንቺው ላይ ይከመራል። ስለ እኔ ካሰብሽ፣ ከሙቀቱ የተረፈው ወንድምሽ አልሐምዱሊላህ በጤና አለ።

በፈድሊያ እጅ ያስጻፍሽው ደብዳቤ ደርሶኛል። መሥሪያ ቤታችን የዋስትናውን ወረቀት እንደገና እንድትፈርሚ ወደ ቀበሌያችሁ እንደላከ፣ አብዱልሰመድም «ቤታችንን በባሕር ላይ አታስይዢ» ብሎ እንደተቆጣ ሰማሁ። አንቺም ልፈርም ወይስ ልተወው፣ ትመለሳለህ ወይስ አትመለስም፣ እውነቱን ንገረኝ ብለሽኛል። እውነቱ በፖስታ የሚላክ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ ይህን ወረቀት ቡና ለመጫን ጅማ በሚመላለሰው ሾፌር በወልደሰማያት እጅ ሰድጄዋለሁ። አፉ የታመነ ሰው ነው። ጾም ላይ ስለሆነ ሥጋና ወተት አቅርበሽ እንዳታስጨንቂው፤ ሽሮ በዘይት ይበቃዋል። ፈድሊያ አንብባልሽ ስትጨርስ ደግሞ ምድጃ ውስጥ ይግባ፣ አደራ።

ዋስ የሆንሽልኝን ቀን መቼም አልረሳውም። አጋሮ ላይ የቡና መፈልፈያውን ሞተር ስጠግን ያየኝ ሰው ነበር ለአሰቡ የዓሣ መሥሪያ ቤት፣ ለጀልባ ሞተር ጠጋኝነት ስሜን ያስተላለፈው። ባሕር የሚወጣ ሠራተኛ ሁሉ ከድቶ ማዶ ወደ የመን እንዳይሻገር ዋስ ይጥራ ተባለ። የምናውቀው ሰው ሁሉ ዛሬ አይመቸኝም፣ ነገ ና እያለ ሲሸሸኝ፣ አንቺ ቤትሽን አስይዘሽ ጣትሽን ቀለም ነክረሽ ወረቀቱ ላይ ተጫንሽ። የቀበሌው ሊቀመንበር ወንድ ዋስ ይምጣ ቢልሽ «ይህን ልጅ ወንድ አላሳደገውም» አልሽው፤ እሱም ማኅተሙን መታ። ከቀበሌ እስከ ቤት ድረስ ስንስቅ ነው የሄድነው።

አሰብ እንዴት ነው ላልሽው፣ ለጅማ ሰው ማስረዳት ይቸግራል። ዛፍ የለም። ጥላ ካለም የግድግዳ ጥላ ነው። ሰዉ ክፉ አይደለም፤ ግን ሁሉም ከሌላ ቦታ መጥቶ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ የተነሣ ይመስላል፣ ማንም ማንንም የማን ልጅ ነህ ብሎ አይጠይቅም። ወደቡ ላይ የእኛ አገር ቡና በጆንያ ተደርድሮ መርከብ ይጠብቃል። ጆንያው ላይ «ጅማ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቀን ከሥራ ስወጣ ሄጄ ጆንያውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። አፍንጫዬን አስጠግቼ ሳሸት ዘበኛው ሌባ መስዬው አባረረኝ። አልፈረድኩበትም፣ ጆንያ የሚያሸት ሰው አይቶ አያውቅ ይሆናል።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው ጥር ከየመንደሩ የደረቀ ዓሣ ለመሰብሰብ በሦስት ትንንሽ ባለ ሞተር ጀልባዎች ከአሰብ ተነሥተን፣ የባሕሩን ዳር ይዘን ወደ በይሉል አቅጣጫ ወጣን። መሪያችን ሁመድ የሚባል ሽማግሌ አፋር ነው። እነሱ የጀልባ አለቃን ናኾዳ ይሉታል፤ እሱ ሂዱ ሲል ይኬዳል፣ ቁሙ ሲል ይቆማል። በሁለተኛው ጀልባ ሁለት የወንድሙ ልጆች ነበሩ፣ በሦስተኛው እኔና ጀቤሳ። ጀቤሳ የሊሙ ልጅ ነው፣ በዚህ ባሕር ዳር በኦሮሚኛ የማዋራው ብቸኛ ሰው። ጠዋት ተነሥቶ «አካም ቡልቴ» ሲለኝ ቀኑ ይቃናልኝ ነበር። የሊሙ ማር ይበልጣል የአጋሮ እያልን ስንጨቃጨቅ ሁመድ፣ ባሕር መሐል ስለ ንብ የሚጣሉ እብዶች ጭኛለሁ እያለ ይስቅብን ነበር።

የእነዚህ ሰዎች የጉዞ ደንብ ደስ ይላል። የአንዱ ሞተር ከጠፋ ሦስቱም ጀልባ ይቆማል። ማታ ጀልባዎቹን ጎን ለጎን በአንድ ገመድ ያስሩና ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል። የሚጠጣ ውሃ ደግሞ የግል የለም፤ ናኾዳው ነው ለሁሉም እኩል የሚያካፍለው። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ምን እንዳደረግሁ ልንገርሽና ሳቂ። ለዙሁር ሰላት ውዱእ ላደርግ ብዬ የሚጠጣውን ውሃ ከጀሪካኑ እየቀዳሁ ልክ አዌቱ ወንዝ ዳር እንዳለሁ ሁሉ አንቦራጨቅሁት። እግሬ ላይ ስደርስ ነው ያዩኝ። ሁመድ ባሕሩን በጣቱ እያሳየ፣ አላህ ይህን ሁሉ ውሃ ለውዱእህ ዘርግቶልህ አንተ በእኛ ጉሮሮ ትታጠባለህ አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጠሃ የሚለኝ ቀረ፣ የዝናብ አገር ሰውዬ ሆንኩ።

በግራችን የብሱ ነው፣ በቀኛችን ባሕሩ። ተራራው እሳት የበላው ይመስል ጥቁር ነው፣ ሣር እንኳ አልበቀለበትም። አልፎ አልፎ ከምንጣፍ የተሠሩ ጎጆዎች ይታያሉ፣ ፍየሎች አሉ፣ ሴቶች ዓሣ ያደርቃሉ። ዶልፊን የሚሉት ትልቅ ፍጡር ከጀልባችን ጎን ጎን እየዘለለ ይሸኘናል። ያምራል፣ ውሸት አልነግርሽም። ግን ያማረ ነገር ባየሁ ቁጥር ለጢፋ ብታየው እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ማየቱ ያስጠላኛል።

በይሉልን አልፈን አንዲት ባዶ ደሴት ጥግ መልሕቅ ጣልን። ጀልባዎቹን አስረን በልተን ስንጨርስ ሁመድ ነገሩን አወጣው። ልጆቹን ለብሔራዊ ውትድርና ሊመዘግቡበት ሲሉ ከእናታቸው ጋር አስቀድሞ ማዶ አሻግሯቸው ኖሯል። አሁን ነፋሱ ጋብ ብሏልና ጎህ ሲቀድ እኛም ወደ የመን እንሻገራለን አለ። የወንድሙ ልጆች ያውቁ ነበር። ጀቤሳም ያውቅ ነበር። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለምን ደበቅከኝ ስለው ጀቤሳ አንገቱን ደፍቶ፣ ያንተ ፊት ምስጢር አይችልም አለኝ።

ጀቤሳ አብረን እንሂድ ብሎ ለመነኝ። ማዶ ሞተር የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል፣ እንደ ወንድማማች አንድ ቤት እንገባለን አለ። ዋስህ ሴት ናት፣ ሴት አያስሩም አለኝ። ለጢፋን አታውቃትም፣ ባያስሯት እንኳ ራሷ ቢሯቸው ሄዳ ወንድሜን የት አደረሳችሁት ብላ ትቀመጥባቸዋለች፣ ያኔ ያስሯታል አልኩት። ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ያንተስ ዋስ አልኩት። ዋሱ አጎቱ ነበር፣ ሞቷል፤ መሥሪያ ቤቱ አልሰማም እንጂ ጀቤሳ ዋስ የለውም። እውነቱን ንገረኝ ብለሽኛልና ልንገርሽ፤ በዚያች ሰዓት ያን ቀለም የነካ ጣትሽን ረገምኩት። እሱ ባይኖር ኖሮ ወላሂ እሄድ ነበር። አፉ በይኝ።

ጎህ ሲቀድ ሁመድ ውሃውን አካፈለ። ለመሻገር ውሃው ይበልጥ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነበር። ቢሆንም ከጉዞው የሚለየውን ሰው ድርሻ ማሳነስ በደንባቸው ነውር ነውና የእኔንም እኩል ቀዳልኝ፣ ቤንዚንም ጨመረልኝ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ለእህት ብሎ የቀረ ሰው አላህ መንገዱን ያቅናለት ብሎ መረቀኝ። ጀቤሳ ወደ እነሱ ጀልባ ሲሻገር ጫማውን ረስቶ ነበር፣ ወረወርኩለት። «ነጋቲ፣ ያ ኦቦሌሳ ኮ» አለኝ፤ ደህና ሁን ወንድሜ ማለቱ ነው ብዬ ለአንቺ አልተረጉምልሽም። ገመዱን ፈታሁት። አንገቱ ላይ የጠመጠማት ቀይ ፎጣ እስክትጠፋኝ ድረስ ቆሜ አየሁ።

መመለሻውን የብሱን በቀኝ እጄ ይዤ ብቻዬን መጣሁ። ከዚያ በፊት ብቻዬን ጀልባ ነድቼ አላውቅም። ካንዴላውን ጨው እየበላው ሞተሩ ደጋግሞ ይጠፋል፤ ፈትቼ እጠርገዋለሁ፣ ሲነሣልኝ እመርቀዋለሁ። ሲጠፋብኝ የሚቆምልኝ ሌላ ጀልባ የለም። የያዝኩትን ዳቦ መዋጥ አቃተኝ፤ ለካ ሰው ከትሪ የሚበላው እህል ብቻ አይደለም። ኋላ በኦሮሚኛ ከሞተሩ ጋር ማውራት ጀመርኩ። ስለ ሐጂራ አቀበት፣ ስለ ባህሪያ ላም፣ ስለ አንቺ ወገብ ሁሉንም ነገርኩት። እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። አልቅሻለሁም። ፈድሊያ፣ ይህችን ጮክ ብለሽ አታንብቢያት።

አሰብ ስገባ የጸጥታ ሰዎች የሄዱትን ትተው የመጣሁትን እኔን ያዙኝ። ሌሎቹ ሲከዱ አንተ ለምን ተመለስክ፣ ምን ልትሠራ ተላክህ ይሉኛል። እህቴ ዋሴ ስለሆነች ነው ስላቸው ይሳሳቃሉ። የጠፋሁብሽ በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ረስቼሽ አይደለም። አልመቱኝም፣ አትጨነቂ። ይልቅ የበላኝ ነገር ሌላ ነው። የጀቤሳን ዋስ ሲያፈላልጉ ሞቶ ተገኘ። ወደ ሊሙ አስጠየቁ፣ እናት የለም፣ ወንድም የለም፣ የሚያውቀውም የለም ተባለ። መርማሪው እኔው ፊት፣ ለዚህ የሚጠየቅለት ሰው የለም አለና መዝገቡን ዘግቶ ሻይ አዘዘ። ጀቤሳን የሚያህል ሰው፣ ስለ ሊሙ ማር እንደዚያ የሚከራከር ሰው፣ የት ገባ ተብሎ አንድ በር አልተንኳኳለትም። ማዶ በሰላም ደርሶ እንደሆነም እስካሁን አላውቅም።

አሁን ፈትተውኛል። መጋዘን ውስጥ የተቀደደ መረብ ከደህናው እለያለሁ። ወደ ጀልባ የምመለሰው ዋስትናው ከታደሰ ብቻ ነው ተብሏል። ካልታደሰም እዚያው መጋዘን ያቆዩኛል፣ ደመወዝም አይቋረጥብኝም፣ ስለዚህ ባትፈርሚ ይራባል ብለሽ አትስጊ። ትመለሳለህ ላልሽው፣ አንቺ ዋሴ ሆነሽ ሳለ ከድቼሽ አልሄድም፤ ይህን ባለፈው አይተሻል። ለባሕሩ ግን ዋስ ልሆንልሽ አልችልም። ሞገድ ቢወስደኝ እነዚህ ሰዎች የሰጠመውን ከከዳው አይለዩም፣ ቤትሽን ነው የሚጠይቁሽ። አብዱልሰመድ የፈራው በከንቱ አይደለም። ባትፈርሚ ደግሞ የሚይዘኝ የለም። አንድ ቀን ሌላ ሁመድ መጥቶ ና ቢለኝ፣ እንጃ፣ ራሴን አላምነውም።

ለአብዱልሰመድ ሰላምታዬን በአክብሮት አድርሺልኝ። አልተቀየምኩትም፣ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው ነበር የምለው። ፈድሊያን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ በኩራዝ እያነበበች ዓይኗን እንዳታበላሽ። አክስቴ ሐጂራ ከዱአዋ አትርሳኝ፣ ጉልበቷን ስሜያለሁ። ባህሪያን ከነላሟ፣ ጎረቤቱን ሁሉ፣ ከመስጊድ ሲወጣ ያ ልጅ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀ ካለ እሱንም ሰላም በይልኝ።

ለጢፋ፣ እኔ የተቀመጥኩት አትፈርሚ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ለቤቱም ለትዳርሽም የሚበጀው እሱ ነው፣ አውቃለሁ። እጄ እምቢ አለኝ። ከቻልሽ ፈርሚልኝ። ለጀልባው ብዬ አይደለም። የጠፋሁ ቀን አንድ ሰው በርሽን አንኳኩቶ ጠሃ የት ነው ብሎ ይጠይቅሽ።

ወንድምሽ ጠሃ
አሰብ፣ መጋቢት 1976 ዓ.ም.