ሐኪም የተማረበት ደረት፦ የመምህርት ወይንእሸት ገብረ ኪዳን የሕይወት ታሪክ

በ2004 ዓ.ም. የካቲት ወር አንድ የሕክምና መምህር በማስተማሪያ ሆስፒታል አልጋ አጠገብ ቆመው የመምህርት ወይንእሸት ገብረ ኪዳንን ልብ አዳመጡና ለተማሪዎቻቸው «ጉድ ኬዝ!» አሉ። መምህርት ወይንእሸት የሰሙት «ጉድ» የምትለዋን ብቻ ነው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው «ወይኔ ልጆቼን! ምን ጉድ አገኛችሁብኝ?» ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ተማሪዎቹ ሳቁ። አንዷ ጎንበስ ብላ «አይዞዎት፣ በእንግሊዝኛ ጥሩ ማለታቸው ነው» አለቻቸው። ጥሩ የተባለው ጤናቸው መስሏቸው ዕንባቸውን ጠርገው ሐኪሙን አመሰገኑ። ጥሩ የተባሉት ለማስተማሪያ መሆኑን ያስረዳቸው አልነበረም። የመሪጌታ ልጅ ናቸውና በኋላ ነገሩ ሲገባቸው «ሰሙ እንግሊዝኛ ነው፣ ወርቁ ግን አማርኛ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

መምህርት ወይንእሸት ከአባታቸው ከመሪጌታ ገብረ ኪዳን ባንተአምላክ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስርጉት ፋንታ ጥር 6 ቀን 1974 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ ተወለዱ። በሰማንያ ቀናቸው ወለተ ማርያም ተብለው ክርስትና ተነሡ። በልጅነታቸው የጉሮሮ ሕመምና የጉልበት ቁርጥማት እየተመላለሰባቸው ከትምህርት ገበታ ይቀሩ ነበር። በጊዜው ሁሉም ብርድ ነው ብሎ አለፈው። ትምህርታቸውን በሞጣ አጠናቀው መምህራን ማሠልጠኛ ገቡ፤ በ1994 ዓ.ም. ተመርቀው ቢቸና ተመደቡ። ለሃያ ሁለት ዓመት አንደኛ ክፍል አስተማሩ። ዛሬ እዚህ ከቆምነው መካከል ፊደል የቆጠርነው በእሳቸው እጅ የሆንን ብዙዎች ነን። በፈተና ቀን ልጅ ሲጨነቅ ማየት አይችሉም ነበር።

በ1996 ዓ.ም. ከአቶ አስናቀው ወልደ ሰንበት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ስጦታውንና ማርያማዊትን ወልደዋል።

ማርያማዊትን ፀንሰው ሳለ ትንፋሽ እያጠራቸው ከቢቸና የአንድ ቀን መንገድ ወደሚርቀው ማስተማሪያ ሆስፒታል ተላኩ። ከላይ የተጻፈው የሆነው ያን ጊዜ ነው። በሰላም ከተገላገሉ በኋላ «ልብዎ ትንሽ ችግር አለባት፤ የቀዶ ሕክምና ወረፋ ተይዞልዎታል፤ ሲደርስ እንጠራዎታለን» ተባሉ። በሰኔ ተጠሩ። የተጠሩት ግን ለተማሪዎች መመረቂያ ፈተና ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ሰኔ ይደወልላቸዋል። ከቀሩ ወረፋቸው የሚሰረዝ ስለመሰላቸው አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አልቀሩም።

በየሰኔው የሆነውን መጻፍ ለዚህ ዕለት አይመች ይሆናል። የሕይወታቸው ክፍል ነውና አናልፈውም። በአንድ ቀን ሃያ ሦስት ተማሪዎች በየተራ ደረታቸውን ነካክተዋል፤ እጁን ያሞቀ፣ ስሙን የተናገረ ጥቂት ነው። በሩ ተከፍቶ፣ ጽዳት ሠራተኛው እየገባ እየወጣ፣ ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ይቀመጡ ነበር። አንድ መምህር ሲያኝኩት በቆዩት የእስክሪብቶ ክዳን፣ ምራቁ ሳይደርቅ፣ የአንገታቸውን ደም ሥር እየነኩ አሳይተዋል። በፊታቸው «ሴትዮዋ» እየተባሉ ይወራባቸው ነበር። ይህ አስጸያፊ ነው። የለሰለሰ ቃል ፈልገን አጣን።

እሳቸው ቤት ሲመለሱ «ዛሬም ሰሌዳ ሆኜ ዋልሁ። ሁሉም ጻፈብኝ፣ የሚያጠፋልኝ ግን የለም» ይሉ ነበር። እንዲያም ሆኖ የተማሪ ግንባር በላብ ሲርስ ካዩ አያስችላቸውም። ፈታኞቹ ዞር ሲሉ በሹክሹክታ «ልጄ፣ በግራ ጎኔ አስተኛኝ። አየር አስወጪ በለኝና ከጡቴ ሥር አድምጥ። ያን ጊዜ እንደ ወፍጮ ያጉረመርምልሃል» ይሉታል። በዚህ ምክር ያለፉ ሐኪሞች ዛሬ በየሆስፒታሉ አሉ።

በ2010 ዓ.ም. ከባሕር ማዶ የመጡ አንድ እንግዳ ሐኪም አነጋገሯቸው። የወንድማቸው ልጅ፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ አስተረጎመች። እንግዳው በሚያስተምሩበት አገር ተማሪው መጀመሪያ የልብ ድምፅ በሚያሰማ የጎማ ደረት ላይ ይለማመዳል። ለፈተና ደግሞ ሕመምተኛ መስለው የሚተኙ ሰዎች ይቀጠራሉ፤ እነዚህ ሰዎች ተማሪው ስሙን መናገሩን፣ ፈቃድ መጠየቁን አይተው ውጤት ይሰጣሉ። መምህርት ወይንእሸት «የተኛው ሰው ማርክ ይሰጣል?» ብለው ሁለት ጊዜ አስደገሙ። ቀጥለውም «እኔ ማርክ ብሰጥማ ይህ አገር ሐኪም አያገኝም ነበር» ብለው እንግዳውን አሳቋቸው። ሐኪም የትም አገር ቢሆን መጨረሻው የታመመ ሰው ላይ መማር እንደሆነ ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ገላቸውን አልነፈጉም። ከእንግዳው በቀር ግን በእነዚያ ዓመታት ጥያቄ አለዎት ወይ ያላቸው ሰው አልነበረም።

በሰኔ 2013 ዓ.ም. ሁለት ፈታኞች በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ አክስቷን አጅባ የሄደችው የወንድማቸው ልጅ ሰማች። አንደኛው ወረፋዋ ደርሷል አለ። ሌላው ከፈተናው በፊት እንዳትላክ፣ እንዲህ ያለ ድምፅ ሌላ አናገኝም አለ። ልጅቱ ይህን ለአክስቷ የነገረቻቸው በሦስተኛው ቀን ነው። ለምን እንደዘገየች እስካሁን በቂ ምክንያት የላትም። መምህርት ወይንእሸት ተመልሰው ሲጠይቁ «ያ የቀዶ ሕክምና ዙር አልፏል፤ የሚቀጥለውን ይጠብቁ» ተባሉ።

በሰኔ 2014 ዓ.ም. እንደገና ተጠሩ፤ ሄዱም። አልጋው ላይ ወጥተው ቁጭ አሉ እንጂ ልብሳቸውን አላወለቁም። «መጀመሪያ እኔ ልጠይቅ» አሉ። «ያለብኝ ምንድን ነው? በአማርኛ ንገሩኝ።»

አንደኛው ፈታኝ «መምህርት፣ የተማሪው ሰዓት እየሄደ ነው» አላቸው።

«የእኔም» አሉ።

ተፈታኙ፣ የኔሰው የሚባል ተማሪ፣ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደ። በልጅነታቸው የታመሙት ጉሮሮ ልባቸውን እንደጎዳ፣ የልባቸው በር ጠባሳ ይዞ እንደጠበበ፣ በጊዜው ሊከፈት ይገባ እንደነበር፣ አሁን ግን ሳንባቸውም እየተጎዳ መሆኑን በአማርኛ ነገራቸው። በመጨረሻ «ልጆች አሉዎት? ጉሮሯቸውን ወይም መገጣጠሚያቸውን የሚያማቸው ከሆነ ቶሎ ይመርመሩ። ይህን ማንም አልነገረዎትም?» አለ።

«አንተ ነገርኸኝ» አሉት። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ተማሪው ምን ውጤት እንዳገኘ አልሰማንም።

በማግሥቱ ቢቸና እንደገቡ ማርያማዊትን ይዘው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ልጅቱ በዚያ ዓመት ጉልበቷን እያመማት እያነከሰች ትምህርት ቤት ትመላለስ ነበር፤ ቤተሰቡ እድገት ነው ብሎ ነበር። ተመርምራ ልቧ ገና በጥቂቱ መነካቱ ታወቀ። በሽታው እንዳይብስ በየወሩ መርፌ እንድትወጋ ታዘዘላት። መምህርት ወይንእሸት በቀን መቁጠሪያው ላይ ቀኑን በቀይ አክብበው፣ መንገድ በተዘጋበት፣ መድኃኒት በጠፋበት ወር እንኳ ደጀን ድረስ ሰው ልከው አስፈልገው፣ አንድም ወር አላሳለፉባትም።

እሳቸው ራሳቸው አዲስ አበባ ተልከው ለቀዶ ሕክምና ጊዜው እንዳለፈ ተነገራቸው። በ2016 ዓ.ም. ማስተማር አቃታቸው። ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ በተወለዱ በአርባ ሦስት ዓመታቸው በቤታቸው ዐረፉ። የሞጣ ዘመዶቻቸው እስኪደርሱ ተጠብቆ ዛሬ ግንቦት 14 ቀን በቢቸና እንሸኛቸዋለን። እናታቸውን ወይዘሮ ስርጉትን፣ አቶ አስናቀውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ከአንድ ሺህ በላይ ተማሪዎቻቸውን ትተዋል።

ስሟን ሳይጠይቅ የሚያውቃት አምላክ የወለተ ማርያምን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን።

ማርያማዊት ትናንት ጠዋት ከለቅሶው ተነሥታ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ የዚህን ወር መርፌ ተወግታ ተመለሰች።