የዘለልኳት አንዲት ምልክት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ? እንቅልፍ ይወስድሻል? እህል ትቀምሻለሽ ወይስ አክስትሽ እንደምትለው ሳህኑን ገፋ አድርገሽ ትነሻለሽ? አያትሽስ ጉልበታቸው ተሻላቸው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆታችሁና ከወገቤ በቀር የሚያመኝ የለም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የወሩ መጨረሻ ሐሙስ ለዘር ምርመራ ደም ስጪ ተብለሻል፤ አንተ ካልመጣህ ግን አልሄድም፣ እማዬን የገደላት የኩላሊት በሽታ በእኔም ውስጥ ተጽፎ እንደሆነ ብቻዬን አልሰማም ብለሻል። በር በሩን እያየሽ እንዳትቀመጪ ከሁሉ በፊት ይህን ልንገርሽ፤ አልመጣም። ፈቃዴ ቀርቷል። የቀረውም በእኔው ስሕተት ነው።

የምንጣፍ ቤታችን አሠራር እንዲህ ነው። ዋናው ንድፍ በላይኛው ክፍል ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ከዚያ አይወጣም። ገልባጩ ይገባና ለጊዜው የሚያስፈልገውን ክፍል ብቻ በብጣሽ ወረቀት ገልብጦ ያወርድልኛል። ብጣሹ ላይ ያሉት ምልክቶች አራት ዓይነት ብቻ ናቸው፤ ነጥብ፣ ጭረት፣ ክብና መስቀል። እኔ ሦስት ሦስት እያደረግሁ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ እያንዳንዷ ሦስት አንድ ዓይነት ክር ትጠራለች። አቀባዮቹ የተጠራውን ክር ያቀብላሉ፣ ሸማኔዎቹ በተራው ይቋጥራሉ። አቁም የምትል ሦስትም አለች፤ እሷ ስትነበብ ሁሉም እጁን ያነሳል።

ስለ ሴል የጻፍሽልኝን ሳነብ ታዲያ ይህንኑ ቤት አየሁት። ልክ ተረድቼ ከሆነ፣ ዲኤንኤ በኒውክለስ ውስጥ የተቀመጠው ንድፍ ነው። የሚወርደው ብጣሽ መልእክተኛው አርኤንኤ ነው። ራይቦዞሙ እኔና ሸማኔዎቹ ነን። ክር አቀባዮቹ አሚኖ አሲድ ተሸክመው የሚመጡት አጓጓዥ አርኤንኤዎች፣ እየተቋጠረ የሚረዝመው ደግሞ ፕሮቲኑ። ፕሮቲን ግን እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ አይቀርም፣ ተጣጥፎ የራሱን ቅርጽ ሲይዝ ነው ሥራ የሚሠራው ብለሻል፤ እሱ እኛ ዘንድ የለም።

ሰኞ ደብዳቤሽን በደረት ኪሴ ይዤ፣ ልቤም እዚያው ኪሴ ውስጥ ሆኖ፣ ብጣሹን ሳነብ አንዲት ጭረት ዘለልኩ። አንዷን በሌላ ቀይሬ ቢሆን የሚበላሸው አንድ ቋጠሮ ነበር፤ አንዳንዴም ያው ክር ይጠራና ማንም ሳያውቅ ያልፋል። መዝለል ግን ሌላ ነው፤ ከዚያች ወዲህ ሦስቱ ሁሉ በአንድ ተንሸራተተ። ሸማኔ የተጠራለትን ይቋጥራል እንጂ አይጠይቅም። የወፍ ክንፍ መሆን የነበረበት የአመድና የብርቱካን ቀለም ሆኖ ወጣ፤ አቁምም ያለቦታዋ መጣች። አፈ ጮሌ የምንለው ሸማኔ ቀና ብሎ፣ ጋሼ ወፏን እኮ ጠበስካት፣ ሲል ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አሠሪያችን ሲገባ ሳቁ ድርግም አለ። ያ ሁሉ ይፈታል፣ እንደገና ይቋጠራል፣ ስለ ፈቃድህ ምንጣፉ አልቆ ከወረደ በኋላ እንነጋገራለን አለኝ። ለመንኩት። ልጄ ታማብኛለች ልለው ቃጣኝና አፌ ላይ ቀረ፤ ማሟረት መስሎኝ ፈራሁ።

ጥዬ አገሬ ልግባ እንዳልል ፓስፖርቴ ከአሠሪያችን የብረት ሣጥን ውስጥ ነው። መስኮቶቹ ሸማኔ መንገድ እንዳያይ ተብሎ ነጭ ቀለም ተቀብተዋል። የመኪናውን ድምፅ እንሰማለን፣ መኪናውን አናይም። ጠዋት ለጸሎት ስቆም ፀሐይ በየት በኩል እንደወጣች እንኳ በግምት ነው።

ልጄ፣ የእኔ ስሕተት ብጣሹ ላይ ነው፤ ንድፉ አልተነካም፣ ስለዚህ ተፈትቶ ይቃናል። የእናትሽ ግን ዋናው ንድፍ ላይ ነበር፤ ከዚያ የተገለበጠ ሁሉ ያንኑ ስሕተት ይዞ ይወርዳል። ላባብልሽ ብዬ ይህን አልሸፍንም። ነገር ግን እናትሽ የዚያ ንድፍ ሁለት ቅጂ ነበራት፤ አንዱ የተበላሸ፣ አንዱ ደህና። ለአንቺ የሰጠችሽ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው። የትኛውን እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ ፍርሃትሽም አያውቅም። የተበላሸው ደርሶሽ ከሆነ ከእኔ ያገኘሽው ደህናው ብቻውን እንደማይበቃ ሐኪሟ እናትሽ በታመመች ጊዜ ነግራኛለች። ቀድሞ ከታወቀ ግን የደም ግፊትን እየተቆጣጠሩ ኩላሊቱን ለብዙ ዓመት ማቆየት እንደሚቻልም ነግራኛለች። እናትሽ ያወቀችው እግሯ ካበጠ በኋላ ነበር።

ሂጂ የምላት ለእሷ አስቤ ነው ወይስ አለማወቁን እኔ ስላልቻልኩት ነው እያልኩ በጸሎቴ መሀል ራሴን መረመርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፤ ሁለቱም ነው። ደግሞ ባናውቀው ይሻላል የምልበት ቀን አለ፤ ያን ቀን ፈጣሪንም ቀና ብዬ አላየውም። ስለዚህ አላዝሽም። የምለምንሽ እኔን እንዳትጠብቂኝ ብቻ ነው። አባዬ ካልመጣ ያልሽውን ቃል መልሼልሻለሁ። እኔን የያዘኝ የሰው በር ነው፤ በእኔ በኩል ዞሮ አንቺንም መቆለፍ የለበትም። ብትሄጂ ምርቃቴ ከፊትሽ ይቅደም። ባትሄጂም ያው ልጄ ነሽ።

ይህን ክር የሚያመጣልን ሾፌር ይዞልኝ ይወጣል፤ ከሐሙስ በፊት ይደርሳል ብሎ ምሎልኛል።

አያትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፤ እሳቸው ጸሎት ላይ ከእኔ ይበረታሉ፣ አይተዉን። ለአክስትሽ፣ እህቴ ሆይ፣ ሐሙስን ከሥራ ቅሪልኝ፤ ልጅቷ ሐኪም ቤት ሄደችም ቤት ዋለችም አብረሻት ዋይ፣ ምክርሽን ግን እባክሽ ለአንድ ቀን ዋጥ አድርጊው በያት። ታናሽ እህትሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። የእሷም ተራ እንደሚመጣ አንቺም እኔም እናውቃለን፤ እሷ አታውቅም። ሐሙስ ከሄድሽ ወዴት ነው የምትሄጂው ብላ ትጠይቅሻለች፤ ምን ብለሽ እንደምትመልሽላት ለአንቺ ትቼዋለሁ።

አባትሽ
ከምንጣፍ ቤቱ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጥር ፲፱