ቀፎዎቹን ያስነሳው ፊርማዬ

ልጄ፣ የረገጥሽው ሁሉ ይለምልምልሽ፤ እንደምን ሰነበትሽ? ይህን በገዛ እጄ ጻፍኩት። በማታ ትምህርት የሚስተካከለኝ የለም፤ አስተማሪው ራሱ ይፈራኛል።

ከተማው የንብ ቀን አከበረ። በዋዜማው የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መጥቶ፣ «እማማ፣ በጣትዎ ይፈርሙልኝ» ቢለኝ፣ «በጣትህ ራስህ ፈርም፤ እኔ በስሜ ነው!» ብዬ ሳላነብ ፈረምኩለት። ለካ ወረቀቱ እንግዶች እንዳይነደፉ ሟቹ አባትሽ የተወልን ቀፎዎች ይነሱ የሚል ኖሯል። በቀትር ጭነው ወሰዷቸው። አበባ ፍለጋ የወጡት ንቦች ተመልሰው ቤታቸውን አጡ። በማግስቱ ሕዝቡ የወረቀት ክንፍ ለጥፎ በደጃችን ሲጨፍር፣ ንቦቹ ቀፎዎቹ ተሰቅለውበት በነበረው ባዶ ግድግዳ ላይ ተጣብቀው ይረግፉ ነበር።

ለጎረቤት ምን ብዬ ላውራ? ፈራሚዋ እኔው።

አምላክ በሰው አገር ይጠብቅሽ። እባክሽ ስልኩን ተይውና ጻፊልኝ፤ አሁንስ እስከ መጨረሻው አነባለሁ።

እናትሽ