አርባ ሰባተኛው ካሴት

ሚዛን ተፈሪ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለሲሞን፣

ደብዳቤ የሚጀመረው ጤና በመጠያየቅ ነው። እኔ ግን ደህና ነኝ ብዬ ልዋሽህ አልፈለግኩም፤ እስከ ዛሬ የዋሸሁት ይበቃኛል። አንተ ብቻ ደህና ሁንልኝ። ስልክህን ከቀየርክ ወዲህ ከጁባ የሚመጣ ሰው ሁሉ «አለ፣ ጄኔሬተር ይጠግናል፣ ጠጉሩ ሸብቷል» ከማለት ሌላ የሚነግረኝ የለም። ይህን የሚያደርስልህ ባምላኩ ነው፤ በጋምቤላ በኩል ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌር። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሃል። እባክህ ይህን አንብበህ ሳትጨርስ አትፍታው።

ሁለት ነገር ልነግርህ ነው። አንዱ ስለ ስምህ ነው፤ ሌላው ስለ እማዬ ቀብር። ሁለቱም የእኔ ጥፋት ናቸው። በቀጥታ ልጽፈው ስል እጄ እምቢ ስላለኝ ከባስልኤል ልጀምር።

ባስልኤል በሕይወት አለ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው። ቴፒ፣ ከቡና እርሻው ጋራዥ ጀርባ እዚያችው ቤቱ ውስጥ ነው። ጊታሩ አለች፤ ጆሮው ግን ከድቶታል። አሁን ሙዚቃ የሚሰማው መዳፉን ስፒከር ላይ ጭኖ ነው። መቅዳት ያቆመው በሃምሳ ሁለተኛው ካሴት ላይ ነው። አስበው፣ በሠላሳ ዓመት ሃምሳ ሁለት ካሴት! አገሩ ሁሉ «እብዱ ጊታር» እያለው፣ አንዴ ሠርግ ላይ የጠራው ሰው ሁለተኛ ሳይጠራው፣ የምንሰማው እኛ አሥራ አራት ሰዎች ብቻ ሆነን። የጊታሩን ክር በብስክሌት ሽቦ ሲገዘግዝ፣ የቡና መፈልፈያ ማሽኑን ከበሮ አድርጎ ሲቀዳ ጎረቤቶቹ ጣሪያው ላይ ድንጋይ የወረወሩበትን ቀን አልረሳውም። «ዝም በሉ፣ ሰውየው ለዝናቡ መልስ እየሰጠ ነው!» ብለህ ስትጮህባቸው ገና አሥራ አምስት ዓመትህ ነበር። ያን ቀን ነው የወደደህ።

ደንቡን መቼም አትረሳውም። ካሴቱን በአንድ ትንፋሽ ይቀዳል፣ ለራሱ ቅጂ አያስቀርም፣ ዋናውን ለመረጠው አንድ ሰው «አደራ» ብሎ ይሰጣል። ባለአደራው ዓመት ሙሉ ብቻውን ይሰማል። ዓመቱ ሲሞላ ባዶ ካሴት ይዞ ለመጣ ሁሉ ይገለብጣል። መከልከል የለም፣ መሸጥ የለም። አርባ ሰባተኛው የአንተ ነበር። በሰኔ 2007 ሰጠህ። በነሐሴ ወደ ጁባ ስትሄድ «መንገድ ላይ እንዳይጠፋብኝ» ብለህ በእኔ እጅ አስቀመጥከው።

አሁን ዓለም ተገልብጧል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የቤልጅየም አሳታሚ ቴፒ መጥቶ ከባለአደራዋ ከዙሌይካ ዘንድ ሃያ ሁለተኛውን ገልብጦ ወሰደ፤ በሸክላ አሳተመው፤ አለቀ። ደግሞ አሳተመው፤ ደግሞ አለቀ። አሁን ሃምሳ ሁለቱንም ላውጣ እያለ ነው። እኛም የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን ከጃፓን ሳይቀር ሰው ገብቶ ሦስት መቶ አልፈናል። ጭቅጭቁን ብታይ! ሬድዋን ዛሬም ከጨርቅ ሱቁ ሆኖ «ከሠላሳኛው ወዲህ ያለው የመጋዝ ቤት ድምፅ ነው» ይላል። ወልደጻድቅ ከፊዚክስ ክፍሉ ወጥቶ «ሰውየው የተወለደው በሠላሳ አንደኛው ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ጣት ማፍታቻ ነው» ብሎ ይመልስለታል። በዚህ ብቻ ሁለት ቀን ይነታረካሉ። አሳታሚው የሃያ ሁለተኛውን ረጅሙን ሙዚቃ ሸክላው አልበቃው ብሎ ለሁለት ስለቆረጠው ዙሌይካ ወር ሙሉ አኩርፋ ከረመች። ቀጥሎ ደግሞ ካሴቱ ላይ ያለው ሽሽ የሚለው ድምፅ ይጽዳ አይጽዳ የሚል መጣ። ወልደጻድቅ «ይጽዳ» አለ። ሬድዋን «እሱ እኮ የቴፒ አየር ነው፤ እሱን አውጥተህ ምን ልታሰማን ነው?» አለው። ሳቅኩ። ወዲያው አንተ ብትኖር ምን ትል ነበር ብዬ አለቀስኩ።

በዚህ ግሩፕ ውስጥ ያንተ ስም ሲነሳ ምን እንደሚሉህ ታውቃለህ። «አደራ በላው» ይሉሃል። አርባ ሰባተኛውን ጁባ ላይ ለፈረንጅ ሸጠሃል ይላሉ። አንዴ «እኔ አልወሰድኩትም፣ እህቴን ጠይቁ» ብለህ ጽፈህላቸው ነበር አሉ። ጠየቁኝ። ይዞት ሄዷል አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው የጠፋኸው፤ ደብዳቤም ስልክም የቀረው።

በመስከረም መጨረሻ ቅዳሜ ባለአደራዎቹ ሁሉ በሬድዋን ሱቅ ተሰበሰቡ። ከማሻ፣ ከጌጫ፣ ከሸኮ መጡ። ባስልኤልንም ከቴፒ በሚኒባስ አመጡት። ካሴቶቹን በተራ ቁጥራቸው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። በአርባ ስድስተኛውና በአርባ ስምንተኛው መካከል አንድ ካሴት የሚያህል ባዶ ቦታ ተዉ። ከሸክላው ጋር ለሚታተመው መጽሔት ዝርዝሩን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። እዚያ ቁጥር ላይ ስደርስ ወልደጻድቅ «በባለአደራው በሲሞን ተሽጦ የጠፋ፣ ብለሽ ጻፊ» አለኝ።

ጻፍኩት፣ ሲሞን። በዚህችው እጄ ጻፍኩት፤ አንዲት ፊደልም አልተበላሸችም። ባስልኤል ወረቀቱን አንስቶ አነበበና «ይህ ልጅ አይሸጥም» አለ። እኔ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብዬ አርባ ስምንተኛውን ጻፍኩ።

ካሴቱ ያኔ እቤቴ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከእማዬ ነጠላ ሥር ነበር። አሥር ዓመት እዚያ ነበር።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የሄድክ ዕለት እማዬ በሩ ላይ ቆማ ያለችህን አንተም እኔም አልረሳነውም። ወንድማችንን ማቴዎስን ያ የጁባ መንገድ በልቶባት ስለነበር «አንተም በዚያው ከሄድክ ከቀብሬ አትድረስ» አለችህ። በጥር ታመመች። አንድ ማክሰኞ አስጠርታኝ «ድምፄን በካሴት አድርገሽ ለሲሞን ላኪለት» አለችኝ። እኔ በስልክ ላገናኝሽ አልኳት፤ እምቢ አለች። የስልክ ድምፅ እንደተነገረ ይጠፋል፣ የካሴት ግን ይቀመጣል አለች። ድሮ አባታችን ከአዋሽ በካሴት ይልክላት የነበረውን አስባ ነው።

እቤት ባዶ ካሴት አልነበረም። ስድስት የመዝሙር ካሴቶች ግን ነበሩ፤ ከነሱ አንዱን ማንሳት እችል ነበር። እጄ የሄደው ወደ አንተ ካሴት ነው። ባስልኤል ማንም እንዳይቀዳበት የካሴቱን የጠርዝ ጥርስ ሰብሮታል፤ የተሰበረውን ቦታ በፕላስተር ደፈንኩት። ይህን የምነግርህ ሳላስብ ያደረግኩት እንዳይመስልህ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ለዚያ ሰው ሻይ ያፈላሁት፣ የየካሴቱን ስም በወረቀት ላይ የጻፍኩለት እኔ ነኝ። አንድም ቀን ለእኔ «አደራ» ብሎ አልሰጠኝም። ለአንተ ሰጠህ። ቀናሁ። ቃሉ ይኸው ነው፤ ቀናሁብህ።

ከሙዚቃው መጀመሪያ አሥራ አንድ ደቂቃ ያህል ተርፏል። ከዚያ እማዬ ትናገራለች። እሷ ስትጨርስ ጊታሩ ካቆመበት አይደለም፣ ከሩቅ የሆነ ቦታ ተመልሶ ይገባል።

ቀድቼ ስጨርስ ደነገጥኩ። ይህን ብልክልህ ምን እንዳደረግኩ ታውቃለህ። ድምፅዋን ሌላ ካሴት ላይ ገልብጬ ልልክልህ አሰብኩ፤ የእኔ ቴፕ አንዱ ጎኑ አይሠራም ነበር። ለጠጋኝ ሰጠሁት፤ ነገ፣ ከነገ ወዲያ አለኝ። በዚህ መሃል ደወልኩልህ። እማዬ ታማለች አልኩህ። አንተ የጠየቅከኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ቃሏን አንስታለች?» አልከኝ።

አዎ ብል «አሰሚኝ» ትለኛለህ ብዬ ዘጋሁብህ። ኔትወርክ ነው ብለህ አስበህ ይሆናል። ኔትወርክ አልነበረም። ከዚያ ብትደውልም አላነሳሁም።

በቀብሯ ቀን ሰው ሁሉ አንተን ይፈልግ ነበር። «እናቱ ረግማው ነው፤ ምን ፊት ይዞ ይመጣል?» ሲሉ ሰምቼ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጎተትኩ። በሐምሌ ዓመቱ ሲሞላ ሬድዋን ባዶ ካሴት ይዞ መጣ፤ ደንቡ ነው። ሲሞን ይዞት ሄዷል አልኩት። አንዲት ቃል ናት። ይዞት ሄዷል ያልኩት እያደር ሸጦታል ሆነ፤ ሸጦታል ደግሞ አደራ በላ ሆነ።

ዝርዝሩን በጻፍኩ በሦስተኛው ቀን ካሴቱን በጉያዬ ደብቄ ቴፒ ሄድኩ። ባስልኤል መዳፉን ስፒከሩ ላይ ጭኖ ሰማ። የእማዬ ድምፅ ሲመጣ ቀና አለ።

«ይቺ ማን ናት?»

«እናቴ ናት» ብዬ ጆሮው ሥር ጮህኩለት።

«ለማን ነው የምትናገረው?»

ወረቀት ላይ ጽፌ አሳየሁት። ለሲሞን፣ ብዬ።

«ሰምቶታል?»

አልሰማም ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ቴፑን አጠፋው። ስለ ሙዚቃው የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። «እኔ ሌላ መቅዳት እችል ነበር» አለኝ። «እዚህ ላይ ምን እንደተጫወትኩ እንኳ አላስታውስም። ቀብሩን ግን ማን ይቀዳለታል?» ስወጣ «ካሴቱ የልጁ ነው። ዋናውን ላኪለት። ቅጂ እንዳታደርጊ» አለኝ። አላደረግኩም።

ማታውኑ ሁሉንም ግሩፑ ላይ ጻፍኩት። ስምህን ከዝርዝሩ አወጣሁ። ወልደጻድቅ «ሲሞን ይቅር በለን» ብሎ ጻፈ፤ ለእኔ ምንም አላለም። ዙሌይካ ደውላ አለቀሰች። የቀሩት ግን ምን እንዳደረጉ ልንገርህ? ጠዋት ሳየው ስለ ካሴቱ እየተከራከሩ ነበር። ድምፁ ስንት ደቂቃ ነው? ጊታሩ በየትኛው ቃል ላይ ነው የሚመለሰው? አንዱ ከጃፓን «ከሃምሳ ሁለቱ ትልቁ ሥራ ይህ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጻፈ። አሳታሚውም እንዳለ ላውጣው አለ። በእማዬ ሞት ላይ ስለ ቅንብር ሲያወሩ ስልኬን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር። ግን እነሱን ምን ብዬ ልቆጣ? ቅንብሩን የሠራሁት እኔ ነኝ።

ይውጣ ብትል ይወጣል፤ አይውጣ ብትል ክሩን ጎትተህ አቃጥለው። ማንም እንዳይጠይቅህ ባስልኤል በስምህ ጽፎ ፈርሞልሃል፤ ወረቀቱ ጨርቁ ውስጥ አለ።

ማጫወቻ ካጣህ ቃሏ ይኸው። በቤንችኛ ነው የተናገረችው፤ እኔ እንደምችለው ጻፍኩት።

«ሲሞን፣ እኔ ነኝ። ያን ቀን ከአፌ ያወጣሁትን መልሼ ወስጄዋለሁ። ወንድምህን መንገድ ስለበላብኝ ነው እንጂ አንተን ጠልቼ አይደለም። ናና አፈሩን አንተ ጀምር። ካልደረስክም አልቀየምህም። እዚያ ሙቀት ነው ይላሉ፤ ውሃ ጠጣ። አማረችን አትተዋት፤ ብቻዋን ናት።»

ከዚያ ትስላለች። እኔ «ይበቃሻል እማዬ» ስል ይሰማል።

አንድ የቀረ አለ። ይህን ለባስልኤልም ለግሩፑም አልነገርኩም። ከቀዳን በኋላ ዘጠኝ ቀን ቆይታለች። ዘጠኝ ቀን፣ ሲሞን፤ በእግርህ እንኳ ትደርስ ነበር። ዓርብ «ላክሽው?» አለችኝ። ልኬዋለሁ አልኳት። ሰኞ «ደረሰው?» አለችኝ። ደርሶታል አልኳት። ረቡዕ ድምፅዋ ደክሞ «ሰማው?» አለችኝ። ሰምቶታል፣ መንገድ ላይ ነው አልኳት። «እንግዲያው አልጋዬን ወደ በሩ አዙሪልኝ» አለችኝ፤ አዞርኩላት።

የእሷ ምርቃት ይድረስህ፤ የእኔን ለመላክ አፍ የለኝም። ጌታ ባለህበት ይጠብቅህ።

አማረች