የጃራ ሸሚዞች

ነቀምት፣ መጋቢት 14 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለነመራ፣ ሐረር

አካም ጅርታ፣ ወንድሜ? እኛ በጌታ ቸርነት ደኅና ነን። እናታችንም ደኅና ናት፤ እግሯ ብቻ ገና አልዳነም። አትደንግጥ። ሲሬ ባለው ቤቷ የከመረችው ቆርቆሮ ተንዶ ተጫናት። ጎረቤቷ ኦቦ ረዲ ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ ጩኸቷን ሰምቶ ባያወጣት ኖሮ ምን እንደምጽፍልህ እንጃ።

አሁን እኔ ዘንድ ናት። ቤቱን ግን ማጽዳት ግድ ሆነ። አንተ ሐረር ከሄድክ ወዲህ የጀመራት ዕቃ ማከማቸት የት እንደደረሰ ብታይ! ጠርሙስ፣ ቡትቶ፣ አሮጌ ጫማ፣ የላምባ ጣሳ፣ እስከ ጣራው። ላጽዳው ስላት አልተቆጣችም። "አውጡት፤ የጓዳውን በር ግን እንዳትነኩ" አለችኝ። "ጓዳው ምን አለበት?" ብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ መለሰች።

ባለቤቴ ጨመዳ የሐኪም ቤት ድሬሰር አይደል? በሱ ሥርዓት ገባን። በርና መስኮቱን ከፍተን፣ የታፈነው አየር እስኪወጣ ደጅ ቆየን። አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ አሰርን፣ ቦት ጫማ አደረግን። የአይጡን ኩስ በደረቁ ብንጠርገው ብናኙ ደረት ይገባል ብሎ በረኪና ያለበት ውኃ አርከፈከፈበት። እንዳይናድብን ከላይ ከላይ እያነሳን፣ እባብ አይጠፋምና እጃችንን ከመስደዳችን በፊት በዱላ እየነካካን ሠራን። ላምባ ስለፈሰሰ እሳት የሚባል አላስጠጋንም። ከዕቃው መሐል ያገኘነውን የተባይ መርዝ ከውኃው ምንጭ አርቀን ቀበርነው።

ክምሩ ሲጎድል የጓዳው በር ብቅ አለ። እዚያ ጋ ዕቃው ዝም ብሎ የተጣለ አልነበረም፤ እንደ አጥር ተጠጋግቶ፣ በሽቦ ታስሮ ነበር። ሊያግዘን የመጣው ኦቦ ረዲ እጁን ሰበሰበ።

"ቀለሟ እህቴ፣ ይሄን እንኳ ተይው። እናትሽ እዚህ በር ላይ ተቀምጣ ስታወራ በግድግዳው እሰማለሁ።"

"ከማን ጋር?"

"እንጃ። ጥያቄ የምትመልስ ነው የምትመስለው።"

ጨመዳ ግን ውስጡ መርዝ ወይ ላምባ ካለ ሳናይ መተው አንችልም አለ። ሽቦውን ቆርጦ ከፈተው።

ነመራ፣ ጓዳው ንጹሕ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት ታሽጎ የሸረሪት ድር እንኳ የለበትም። አልጋው ተነጥፏል፤ መሐሉ ሰው አሁን እንደተነሣበት ጎድጉዷል። በግድግዳው ላይ ሸሚዞች ተሰቅለዋል። የመጀመሪያው የሕፃን ነው፤ ወዲያው አወቅሁት፣ መንታህ ጃራ በኩፍኝ ሲሞት ለብሶት የነበረው ነው። የሚቀጥለው ተለቅ ይላል፣ የሚቀጥለውም እንደዚሁ፣ እስከ ሙሉ ሰው ልክ። ለካ እናታችን ልብስ ልትሰፋልህ ስትል ሁለት ሁለት ጊዜ የምትለካህ ለዚህ ኖሯል።

ማልቀስ ጀመርኩ። ጨመዳ ግን አንዱን አውርዶ አገላበጠና ሰጠኝ። አንገቱ የላብ እድፍ ይዟል፣ ክርኑ ሳስቷል። ሁሉም እንደዚያው ናቸው። ያንተ ናቸው እንዳልል፣ ያንተን አሮጌ ልብስ ሁሉ ለልጆቼ የወሰድኩት እኔ ነኝ።

በሩን መልሰን ዘግተን ነቀምት ገባን። እናታችንን፣ "ማን ነው የለበሳቸው?" አልኳት።

"ኢልመ ኮ፣ ልጄ ነዋ!" አለች፣ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋት። "ነመራ ሲሄድ ልከተለው ብሎ አስቸገረኝ። ያን ሁሉ ዕቃ ለቅሜ በሩን ዘጋሁበት።"

"አሁንስ?"

"አሁንማ ከፈታችሁለት።"

በሐዘን ያረጀ ሰው የሚለውን አያውቅም ብለን አለፍነው። እሑድ ከጸሎት በኋላ ጓዳውን ልንጨርስ ተመለስን። ሸሚዞቹ እንደነበሩ ናቸው። የትልቁ ሸሚዝ ሚስማር ብቻ ባዶ ነበር። ጨመዳ ሌባ ነው አለ፤ እኔም ሌባ ነው ብያለሁ። የደጁ ቁልፍ ግን አልተነካም።

እናታችን ሌት ተቀን ስላንተ ትጠይቃለች፤ ስለ ጃራ ግን ማንሳት ትታለች። አንተ ግን በዚህ ልብህን እንዳታስጨንቅ፣ ሥራህ ላይ በርታ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ መልስ ላክልኝ። ሰው አታጽፍ፤ በራስህ እጅ ጻፈው። እጅ ጽሕፈትህን አውቀዋለሁ።

ዋቃዮ ሲ ሃ ኤጉ፤ መውጣትህንና መግባትህን፣ ደጃፍህንም ይጠብቅልህ።

እህትህ ቀለሟ