የአበልጃችን መርፌ

ለእህቴ ለኢሜልዳ፤ የቺካጎ ብርድ እንዳይጎዳሽ እየለመንኩ ከቴክሳስ ሰላም እልሻለሁ።

እዚህ ሎሚው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ሊሳንድሮ በሳምባ ምች ሆስፒታል ከገባ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው። እንዲያርፍ ብለው በመድኃኒት አስተኝተውታል። በመስከረም ሐኪሟ፣ «ስኳር ላለበት ሰው ይሄ በሽታ ይከፋል፤ ክትባቱን ውሰድ» ስትለው እሺ ብሎ ነበር። እሁድ ሥጋ ስንጠብስ ግን አበልጃችን ፌርሚን፣ «አንተ ሰውዬ፣ እንደ ሕፃን ልትከተብ ነው?» ብሎ ሳቀበት። የኛ ሰው የአበልጅ ቃል አይገፋም፤ ባሌም ቀጠሮውን ተወው። ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ፌርሚንም እኮ ስኳር አለበት። ትናንት እየጎተትኩ ፋርማሲ ወሰድኩት።

«አበልጄ፣ እኔ መርፌ እፈራለሁ» አለኝ።

«እጅጌህን ሰብስብ» አልኩት።

ተከተበ። አዝኜለት እንዳይመስልሽ። ረጅም ዕድሜ እንዲኖር ነው የምፈልገው፤ በየእሁዱ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ዓይኔን እያየ ይብላ።

ባለፈው አንቺ ጋ የረሳሁትን ጥቁር ቀሚስ በፖስታ ላኪልኝ። ለምንም አይደለም፤ ቁም ሳጥኔን እያስተካከልኩ ስለሆነ ነው። ቶሎ ቢደርስ ጥሩ ነው።

ልጆችሽን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ።

እህትሽ ኦፌልያ